ሃያ ሰባት ቁራጭ ዝምታ

ሪታየር ብዬ ጡረታ ከወጣሁ ሁለት ወር ሆነኝ። ልጄ ሰናይት ደብተርና እስክሪብቶ ገዝታ መጣችና «አባ፣ ከእማ ጋር ስትጨቃጨቅ ከምትውል የሥራህን ነገር ጻፈው» አለችኝ። እኔ ከአራተኛ ክፍል በላይ አልሄድኩም። ጽሕፈቴም ዶሮ የጫረው ይመስላል። ግን አንድ ነገር ከጀመርኩ አልተውም። ሰናይት የመጀመሪያውን ገጽ ላርምልህ ስትል ደብተሩን ከእጇ ነጠቅኋት። የተጣመመው ተጣሞ ይነበብ።

ሥራዬ ፊልም ማሳየትና ፊልም መጠገን ነበር። ይህን ስል ቤተ ክርስቲያን ያሉት ሰዎች «አክተር ነበሩ እንዴ ጋሽ ደምሴ?» ይሉኛል። አይደለሁም። አክተሩ ሲያወራ ድምፁ እንዳይጠፋ ከጀርባ ሆኖ የሚጠብቅ ሰው ነኝ። ሰው የሚያስታውሰኝ ስሳሳት ብቻ ነው።

የጀመርኩት አዲስ አበባ፣ ፒያሳ አካባቢ ከነበረ አንድ ሲኒማ ቤት ነው። መጀመሪያ አዳራሽ ጠራጊ፣ ቀጥሎ የፊልም ሣጥን ተሸካሚ፣ በኋላ ማሽን ክፍል ገባሁ። ፊልም ድምፁን የሚይዘው ከምስሉ ጎን ባለች ቀጭን መስመር ላይ ነው። ማሽኑ ውስጥ ያለች ትንሽ አምፖል መስመሯን እያበራች ታነባታለች። የኛ ማሽን አርጅቶ ስለነበር ያቺ አምፖል በሳምንት ሁለት ጊዜ ትቃጠላለች። ያኔ ምስሉ ይሄዳል፣ ድምፅ የለም። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ያየ ያውቀዋል። አዳራሹ ሙሉ ያፏጫል። «ኦፕሬተር! ተኝተሃል?» «ኦፕሬተር፣ ሚስትህ መጣች ወይ?» እያሉ ወንበር ይደበድባሉ። አንድ ቀን ጫማ በማሽን ክፍሏ መስኮት ገብቶ ጆሮዬን አገኘኝ። ጫማውን አልመለስኩም፤ ሰውየው በአንድ እግሩ ቤቱ ሄደ።

ሥራ አስኪያጁ ደግሞ ድምፅ በጠፋ ቁጥር የቀን አበሌን ይቆርጥብኛል። ስለዚህ ጆሮዬ ሌላ ሆነ። ዝምታ ስሰማ እጄ ከኔ በፊት ይዘላል። እቤት እንኳ ሰው ዝም ሲል ተነሥቼ አምፖል መፈለግ ያምረኝ ነበር። ይህን የምናገረው በኋላ ለሠራሁት ጥፋት ሥሩ ይኸው ስለሆነ ነው።

ከዚያ ቤት ደግ ሰው ብዬ የማነሳው ትኬት ቆራጩን አቶ መኩሪያን ነው። እታገኝን ሳገባ ኮት አልነበረኝም። አቶ መኩሪያ ግራጫ ኮቱን አውልቆ «ሰኞ ትመልሳለህ» ብሎ ሰጠኝ። ሠርጋችን ላይ የተነሳነው ፎቶ እስከዛሬ ሳሎን ተሰቅሏል፤ ኮቱ ትከሻዬ ላይ ልክ ነው፣ እጅጌው ግን ጣቶቼን ይደብቃል።

ከዚያ ሱዳን፣ ከሱዳን አትላንታ። መንገዱን ሌላ ሰው ይጻፈው፣ እኔ ሥራዬን ነው የምጽፈው። መጀመሪያ ኢስት ፖይንት፣ ኤርፖርቱ አጠገብ የኪራይ መኪና አጠብኩ። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አንድ ወንድም «ዱሉዝ የምትባል ከተማ ፊልም የሚጠገንበት መጋዘን አለ፣ ሰው ይፈልጋሉ» አለኝ። በማግስቱ ሄድኩ። ቢሮ ውስጥ አራት ገጽ ፎርም ሰጡኝ። ስሜን ጽፌ ሌላውን እያየሁት ተቀመጥኩ። አንድ ረጅም፣ ሽበታም ጥቁር አሜሪካዊ መጣ፤ ነጭ የጨርቅ ጓንት አድርጓል። ፎርሙን አየ፣ እኔን አየ፣ ምንም ሳይናገር የተቀደደ ፊልም አምጥቶ ፊቴ አስቀመጠ። ገጠምኩት። ወደ መብራቱ አንሥቶ አገላብጦ አየው።

«የት ተማርከው?»

«ጫማ በሚወረወርበት ቤት» አልኩት ባለችኝ እንግሊዝኛ።

ሳቀ። ፎርሙን ራሱ ሞላልኝ። ሚስተር ኦቲስ ይባላል። እኔን «ዴሚ» አለኝ፤ ደምሴ ማለት አላቃተውም፣ ሰነፈ እንጂ።

ስለ ሚስተር ኦቲስ ብዙ መጻፍ እችላለሁ፣ ግን ሦስት ልማዱን ብቻ ልናገር።

አንደኛ፣ ፊልም ሲቀጥል መገጣጠሚያው ላይ፣ በድምፁ መስመር በኩል፣ በጥቁር ቀለም ትንሽ ሦስት ማዕዘን ይስላል። እንዲያ ካልተደረገ መገጣጠሚያው ሲያልፍ «ጧ!» ይላል። ጥቁሩ ሦስት ማዕዘን ድምፁን ቀስ አድርጎ ይዘጋዋል፣ ቀስ አድርጎ ይከፍተዋል። የሱ በማስመሪያ የተሠራ ይመስላል። የኔ ወደ ግራ ያጋድላል። ሁለት ዓመት ተቆጣኝ፣ አልተቃናም፣ ተወኝ።

ሌላው፣ የተቆረጠ ፊልም አይጣልም። አንዲት ጣት የምታክል ብትሆን ምስማር ላይ ይሰቅላታል፤ ከየትኛው ጥቅል፣ ከስንተኛው ጫማ ርዝመት ላይ እንደተቆረጠች ወረቀት ጽፎ ያስርባታል። ግድግዳው ስለት የሚሰቀልበት ዛፍ ይመስል ነበር።

ሦስተኛው የኦቾሎኒው ነገር ነው። በወር አንዴ ይዞኝ ሲኒማ ይሄዳል፣ መጨረሻ ወንበር እንቀመጣለን። ግራ ኪሱ ከነቅርፊቱ ኦቾሎኒ ሞልቷል። ሰው በሳቀ ቁጥር አንዷን ወደ ቀኝ ኪሱ ያሻግራል። መጀመሪያ ያመመው መሰለኝ። ፊልሙ ሲያልቅ መኪና ውስጥ የቀኝ ኪሱን ብቻ ለሁለት ተካፍለን እንበላለን። ብዙ ከተሳቀ «ዛሬ ጠግበናል፣ ዴሚ» ይላል። ካልተሳቀ «ጦማችንን ነው የምናድረው» ይላል። ግራ ኪሱ ሙሉ ሆኖ እንኳ አይሰጠኝም።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ።

አንድ ጊዜ ከሌላ ከተማ ኮሌጅ አንድ አሮጌ ፊልም ለጥገና መጣ። ፊልም መናገር በጀመረ ሰሞን የተሠራ ነው። በፊት በመድረክ የሚታይ አስቂኝ ቴአትር ነበር አሉ። ታሪኩ አንድ ልብስ ሰፊ ነው፤ ሦስት ሙሽሮች በአንድ ጠዋት ያገባሉ፣ ለሦስቱም ኮት እሰፋለሁ ብሎ ቃል ገብቷል፣ የሰፋው ግን አንድ ብቻ ነው። ፊልሙ ሙሉ በሙሉ እዚያች የልብስ መስፊያ ክፍል ውስጥ ነው የሚያልቀው። የዚያን ጊዜ ድምፅ መቅጃው ስለማይንቀሳቀስ ጠረጴዛው ላይ ካለው የአበባ ማሰሮ ውስጥ ደብቀውታል። ሁሉም ሰው እየመጣ ለአበባው ያወራል።

ሚስተር ኦቲስ ያን ሳምንት ዓይኑን ኦፕራሲዮን ሆኖ የለም። የመጋዘኑ አለቃ «በሦስት ቀን ይውጣ፣ አሮጌ ፊልም የሚወዱ ሰዎች አዳራሽ ተከራይተዋል» አለኝ። እኔ ብቻዬን ተቀመጥኩ። የተቀደደውን ቀጠልኩ፣ የቆሸሸውን ጠረግሁ። ድምፁን ሳዳምጥ ግን በየመሐሉ ጸጥ ይላል። ተዋናዩ አንድ ነገር ይናገራል፣ ከዚያ ሁሉም ዝም ብለው ይቆማሉ። አራት ሴኮንድ። ስድስት ሴኮንድ። አንዱ ቦታ አሥር። የድምፁ መስመር የደበዘዘ መሰለኝ። ጆሮዬ ላይ ያ የፒያሳ ፉጨት ጮኸ። ቆረጥኩት። ሃያ ሰባት ቦታ ቆረጥኩት። ሃያ ሰባት ጊዜም ሦስት ማዕዘን ሳልኩ፤ ሁሉም ወደ ግራ ያጋደሉ።

ቁራጮቹን አልጣልኳቸውም፣ ያን ያህል ተምሬያለሁ። የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ከተትኳቸው። ወረቀት ግን አላሰርኩባቸውም። ያኔ እንግሊዝኛ መጻፍ ስለማልችል ነው ብል ደስ ባለኝ፤ ግን ቁጥር መጻፍ እችላለሁ። እውነቱ «ባዶ ነገር ላይ ምን ምልክት ያስፈልጋል» ብዬ ነው።

ፊልሙ በታየ ቀን ሚስተር ኦቲስ አንድ ዓይኑን ሸፍኖ መጣ። «ሥራህን እንየው» ብሎ ይዞኝ ሄደ። እኔ ኮርቻለሁ። ልብስ ሰፊው የመጀመሪያውን ቀልድ ተናገረ፣ አዳራሹ ሳቀ፣ ሳቁ ሳያልቅ ሙሽራው መለሰ። ማንም አልሰማውም። ደግሞ ሳቁ፣ ደግሞ የሚቀጥለው ንግግር ተዋጠ። ቀስ በቀስ ሰው እርስ በርሱ «እሽሽ» መባባል ጀመረ። ከዚያ ቃል እንዳያመልጣቸው ብለው መሣቁን ተዉት። ሚስተር ኦቲስ አራት ኦቾሎኒ አሻገረ። ከዚያ በኋላ እጁ ኪሱ ውስጥ ቀረ።

መኪና ውስጥ አራቱን ኦቾሎኒ ተካፍለን በላን። ቀጥሎ «ዴሚ፣ ዝምታዎቹ የት ሄዱ?» አለኝ።

«አስተካከልኳቸው» አልኩት። «ድምፁ ጠፍቶ ነበር።»

ነዳጅ ማደያ ገብቶ ፓርክ አደረገ። ሞተሩን አጠፋ።

«ስማ። እነዚህ ሰዎች ይህን ቴአትር መድረክ ላይ ስንት ጊዜ ሠርተውታል። መድረክ ላይ ሰው ሲስቅ ተዋናይ ይጠብቃል። ፊልም ሲያደርጉት ፊት ለፊታቸው የሚስቅ ሰው የለም፤ ካሜራ ብቻ ነው። እነሱ ግን ጠበቁ። የት የት እንደሚሳቅ ያውቃሉ፣ ለኛ ቦታ ትተውልን ነው የሄዱት። አንተ ቦታችንን ቆረጥከው።»

አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር፣ በጩኸት ማንም አይረታኝም።

ሐሙስ ጋዜጣ ወጣ። አንድ የፊልም ሐያሲ ስለ ኮቱ ፊልም ጽፏል። ሚስተር ኦቲስ ጮክ ብሎ አነበበልኝ፦ ተዋናዮቹ ትንፋሽ ሳይወስዱ ይለፈልፋሉ፣ መድረክ ላይ አስቆ ከሆነ ፊልም ላይ ሞቷል፣ ወደ ቆርቆሮው ይመለስ። እነዚያ ምስኪኖች ሲጠብቁን ኖረው፣ በኔ መቀስ ለፍላፊ ተባሉ።

አለቃው «ማነው የቆረጠው?» ብሎ ገባ። ልናገር አፌን ስከፍት ሚስተር ኦቲስ «ክፍሉ የኔ ነው፣ እጁም የኔ ነው» አለ። ኮሌጁ ፊልሙን በማግስቱ ወሰደ፣ ሁለተኛም ሥራ አልላከልንም።

«ቁራጮቹ አሉህ?» አለኝ ሚስተር ኦቲስ።

«አሉኝ።»

«የት የት እንደሚገቡስ?»

«ወረቀት አላሰርኩባቸውም።»

«እንግዲያው ያዛቸው» አለኝ። «ፊልም ዞሮ ይመጣል።»

ፊልሙ ሳይመጣ እሱ ሄደ። የቀብሩ ቀን ግራ ኪሴ ኦቾሎኒ ይዤ ሄድኩ። ሰባኪው ስለሱ ሦስት አስቂኝ ነገር ተናገረ፣ ሰው ሦስት ጊዜ ሳቀ፣ ሦስት አሻገርኩ። ወደ ቤቴ ስሄድ በላኋቸው።

ከዚያ ዘመኑ ተለወጠ። ፊልም ቀርቶ በኮምፒውተር ሆነ፣ መጋዘኑ ተዘጋ። ጓደኞቼ አንዱ ኡበር፣ አንዱ የዕቃ ማከማቻ ገቡ። እኔ ሌላ ሥራ አልሠራም ብዬ ሰባት ወር እታገኝን አቃጠልኳት። በመጨረሻ አትላንታ ውስጥ ሁለት አሮጌ ማሽን ያላወጣ ሲኒማ ቤት ተቀበለኝ። ማናጀሯ ዴና ትባላለች፤ ዕድሜዋ የሰናይት ነው። ፊልም መጠገኛ ጠረጴዛ ግዢልኝ እላታለሁ፣ የኮምፒውተሩን ቁልፍ፣ በተኑን፣ መጫን ተማር ትለኛለች። በስድስተኛው ዓመት ጠረጴዛው ተገዛ። በተኑን ግን እስካሁን አልጫንኩም።

ዘንድሮ ጡረታዬን ስጠይቅ ዴና «የመሰናበቻህ እሑድ አንድ አሮጌ ኮሜዲ አስመጥቼልሃለሁ፣ ታስቃለች» አለችኝ። ሊታይ አንድ ወር ሲቀረው ሣጥኖቹ መጡ። የመጀመሪያውን ከፍቼ ፊልሙን በጣቴ መካከል ማሳለፍ ጀመርኩ። መገጣጠሚያ ላይ ደረስኩ። ጥቁር ሦስት ማዕዘን፣ ወደ ግራ ያጋደለ።

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ሰው የገዛ ጽሕፈቱን ያውቃል።

ሎረንስቪል፣ ቤቴ እስክደርስ ትራፊኩን አላየሁትም። ቆርቆሮው ጋራዥ ውስጥ ከላይኛው መደርደሪያ ላይ ነው። እታገኝ ስንት ዓመት ሙሉ ልትጥለው ስትታገለኝ ኖራለች።

«ምን ሆነህ ነው ፊትህ እንዲህ?» አለችኝ። ነገርኳት።

«ታዲያ ምን ታስባለህ?»

«ከተናገርኩ ፊልም አበላሽቶ የኖረ ተብዬ ነው የምሸኘው። ኬክ ሁሉ አዘዋል።»

«ካልተናገርክስ?»

«እነዚያ ሰዎች እንደገና ሊለፈልፉ ነው።»

«አንተ ሰውዬ፣ ኬክ ትወዳለህ እንዴ? ስኳር አለብህ» አለችኝና መሰላሉን ይዛ አቆመችልኝ።

ዴና ነገሩን ስትሰማ ጭንቅላቷን ያዘች። ለኮሌጁ ደወለች። በሦስተኛው ቀን ፊልሞቹን የምትጠብቅ ሴት ከዚያ መጣች፤ መነጽሯን አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ ቁጥብ ሴትዮ ናት። ቆርቆሮውን ከፍቼ አሳየኋት።

«የቆረጥኩት እኔ ነኝ» አልኳት። «ሌላ ሰው ነው የተባለው ውሸት ነው።»

መነጽሯን አድርጋ አንዱን ቁራጭ አነሣች። «እኛ ፊልሙ ሲሠራ ጀምሮ የተጣደፈ ነበር ብለን ነው ለተማሪ የምናስተምረው» አለች። «ሌላ ቅጂ የለንም። ልትመልሳቸው ትችላለህ?»

«ፊልሙን ከነካሁ ከጎኔ ተቀመጪ። እኔን ማመን የለብሽም።»

ተቀመጠች። በየሳምንቱ ሁለት ቀን እየመጣች ከቀትር በፊት እንሠራ ነበር። ሃያ ሰባት ቁራጭ፣ ሁሉም አንድ ክፍል ውስጥ፣ አብዛኞቹ አፋቸውን ዘግተው የቆሙ ሰዎች። መጀመሪያ ሁሉም አንድ መሰሉኝ። የረዳኝ ይህ ነው፦ ፊልም ላይ ድምፅና ምስል ጎን ለጎን አይታተሙም፤ ድምፁ ሃያ ምስል ያህል ቀድሞ ይሄዳል። እኔ የቆረጥኩት ድምፁ ጸጥ ካለበት ነው። ስለዚህ በየቁራጩ መጀመሪያ ላይ ያሉት ሃያ ምስሎች ገና የሚያወራ አፍ አላቸው። የመጨረሻዋን ቃል እየጨረሰ ያለ አፍ። ያንን አፍ በማጉያ እያየሁ ከመገጣጠሚያው በፊት ካለው ምስል ጋር አስተያያለሁ። ፊደል ማንበብ ብዙ አይሆንልኝም፣ ያን ወር ግን አፍ አነበብኩ። ኮቱም ረዳን፤ ፊልሙ በሄደ ቁጥር ልብስ ሰፊው አንድ ነገር ይሰፋበታል፣ መጀመሪያ እጅጌ የለውም፣ ከዚያ አንድ እጅጌ፣ ከዚያ ሁለት።

ሃያ ስድስቱ ገቡ። አንዱ እምቢ አለ። እሱ ላይ ሰው የለም። የተዘጋ በር ብቻ ነው የሚታየው። እዚያ ፊልም ውስጥ በሩ ስምንት ጊዜ ይዘጋል። ሁሉም ጋ ለካሁት፣ አንዱም ጋ ልክ አልመጣም። ሴትዮዋም አየችው፣ ዴናም አየችው። ባዶ አዳራሽ ውስጥ አሳይተን ሞከርነው፤ ባዶ አዳራሽ ውስጥ ደግሞ የሚስቅ ስለሌለ ምንም የሚዋጥ ቃል የለም፣ ሁሉም ጥሩ ይመስላል። ሳልወድ በግድ ቁራጩን ወደ ቆርቆሮው መለስኩት።

እሑድ ከቀኑ ስምንት ሰዓት አዳራሹ ሞላ። እታገኝ የእህቷ ልጅ ክርስትና ስለነበረ አልመጣችም። ሰናይት መጣች። እኔ ማሽን ክፍል ሆኜ ሃያ ሰባት ኦቾሎኒ ቆጥሬ ግራ ኪሴ ከተትኩ፣ መስኮቷን ከፈትኩ።

ልብስ ሰፊው የመጀመሪያውን ቀልድ ተናገረ። አዳራሹ ሳቀ። ልብስ ሰፊው መርፌውን እንደያዘ ቆሞ ጠበቃቸው። ሳቁ ሲበርድ ሙሽራው መለሰ፣ እያንዳንዱ ቃል ተሰማ፣ እንደገና ሳቁ። እጄ ኦቾሎኒ እያሻገረ ነው። ሰው መሣቅ እንደሚቻል ሲያውቅ የበለጠ ይስቃል፤ ያን ቀን በዓይኔ አየሁት። ፊልሙ ሲያልቅ ኪሴን ስፈትሽ ግራ በኩል ሁለት ቀርተዋል። ጥቅል ስቀይር ሁለቱም እጄ ስለሚያዝ አንድ ሁለት ሳቅ አምልጦኝ ይሆናል አልኩ። ኬክ ተቆረጠ። ዴና አለቀሰች። እኔ አላለቀስኩም፣ ኬኩን ነው የቀመስኩት።

ሐሙስ ሰናይት ከሥራዋ በቀጥታ እቤት መጣች። ፋርማሲስት ናት፣ ነጭ ጋውኗን እንኳ አላወለቀችም። «አባ! የፊልሙ ሪቪው ጋዜጣ ላይ ወጥቷል፣ ስማ፣ ስማ!» ብላ ስልኳን ይዛ ኩሽና ቆመች። እያነበበች ወደ አማርኛ ትመልሳለች፣ ይኸው እንደነገረችኝ፦

«እ… ይሄ ፊልም መድረኩን አልረሳም ይላል። ስንስቅ ይጠብቁናል። ቀልዱን ተናግረው ቆመው ያዩናል፣ ላይክ… በግድግዳው ውስጥ የሚሰሙን ይመስል። ከሞቱ ስንት ዘመን ሆኗቸው ሳቃችን እስኪያልቅ ይጠብቃሉ። የዛሬ ኮሜዲ ማንንም አይጠብቅም። ዋው፣ አባ!»

«ድገሚው።»

ደገመችው። ሦስተኛ አስደገምኳት።

«ያንተ ስም ግን የለም» አለች አዝና።

«የኔ ስም ምን ያደርጋል? የሚስተር ኦቲስስ?»

«የሱም የለም።»

«እሺ። አለቀ?»

«አንድ ነገር ብቻ ቀረ፣ ትንሽ ነገር ነው። አንድ ጉድለት አለ ይላል። ሦስተኛው ሙሽራ ተናዶ በሩን ሲዘጋው በጣም ስለሳቅን፣ የልብስ ሰፊው ሚስት ከመጋረጃው ጀርባ የተናገረችውን አልሰማንም። ምን እንዳለች አሁንም ማወቅ እፈልጋለሁ ይላል።»

ተነሣሁ። ሻዩ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ።

«በሩ!» አልኩ።

«ወይኔ ምን ሆነ?» አለች እታገኝ።

«በሩ እዚያ ነው! ጥቅል የምቀይረው እዚያ ነው፣ አልሰማሁም!»

ዴና ጋ ደወልኩ። ፊልሙ ሄዶ ከሆነ ብዬ ፈርቻለሁ።

«ሪቪውን አይተሃል?» አለችኝ ገና ሃሎ ሳልል። «ስልኩ አላስቆመኝም። ቅዳሜ እንደገና ላሳይ ነው፣ ኮሌጁም ፈቅዷል።»

«ነገ ጠዋት እመጣለሁ። ሴትዮዋን ጥሪያት።»

«ሚስተር ደምሴ፣ አንተ እኮ ሪታየር ወጥተሃል።»

«የወጣሁት ከደመወዙ ነው» አልኳት።

በማግስቱ ሴትዮዋ ከጎኔ ተቀምጣ ያን ቦታ ፈተሽነው። ልክ አልመጣም ያልኩት ለካ ከኔ በኋላ ሌላ ሰው እጅ ገብቶበታል፤ እዚያው ላይ ተበጥሶ የሌላ ሰው ቴፕ ተለጥፎበታል፣ ጥቂት ምስሎችም ጠፍተዋል። ስለዚህ በሩ ከበሩ ጋር አልገጠመም። ግን አሁን ሳቅ ምልክት ሰጥቶናል። ገጠምኩት። ሦስት ማዕዘኑን ስስል ሴትዮዋ ማስመሪያ አቀበለችኝ።

«አያስፈልግም» አልኳት። «ቀጥ ካለ ሚስተር ኦቲስ አያውቀውም።»

ቅዳሜ ማሽኑን ዴና ራሷ ያዘች። ሰባት ዓመት ሙሉ እያጉረመረምኩ አስተምሬያታለሁ፣ ይገባታል። እኔ አዳራሽ ገባሁ። ይኸው በሥራ ዘመኔ በራሴ እጅ በማሽን ያሳየሁትን ፊልም ከሰው መካከል ቁጭ ብዬ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። እታገኝ ከጎኔ ናት። ኤርፖርት ወጥ ቤት ስትሠራ ስለኖረች እንግሊዝኛውን ከኔ በላይ ትሰማለች። ኪሴን ነክታ «ይሄ ምንድነው የሚንኳኳው?» አለችኝ። ኦቾሎኒ ነው አልኳት። «ለብቻህ ልትበላ ነው?» አለች። ቆይ አልኳት።

ሃያ አምስት አሻገርኩ። ሦስተኛው ሙሽራ ኮቱ እንደማይደርሰው ገባው፣ ባርኔጣውን ልብስ ሰፊው ላይ ወረወረ፣ ወጣ፣ በሩን ዘጋው። አዳራሹ ፈነዳ፣ ሃያ ስድስተኛዋን አሻገርኩ። በሩ እንደተዘጋ ቆየ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ሴኮንድ፣ የተዘጋ በር ብቻ። ያ የፒያሳ እጄ ሊዘልል አማረው፣ ያዝኩት። ሳቁ ቀስ ብሎ በረደ። ያኔ ሚስቲቱ ከመጋረጃው ጀርባ፣ ምንም ሳትቸኩል፣ «አንተስ እኔን ስታገባ የለበስከው የማን ነበር?» አለችው።

እንደዚያ ቀን ሳቅ ሰምቼ አላውቅም። ሃያ ሰባተኛዋን አሻገርኩ።

እታገኝ አልሳቀችም። ዞራ እያየችኝ ነው። ክርኗን ጎኔ ላይ አሳረፈችና ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፦

«የአቶ መኩሪያን ኮት መልሰህለታል?»

«ሰኞ ዕለት ነው የመለስኩት» አልኳት። «አንድ ቁልፍ ጎድሎት ነበር።»

«አውቃለሁ» አለች። «እኔ ጋ ናት።»

የቀኝ ኪሴን ገልብጬ ለሁለት ተካፈልን።